እስኪያልፍ

ሚጢ ለሥራ ጉዳይ ወንድሟ ቤት በሄደችበት የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሳቁባት።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ታላቅ ወንድሟ፣ አናጢው፣ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጦ ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል። መምህር ሚስቱ ከድስቱ ሾርባ ትጨልፋለች። እናታቸው እንደ ልማዳቸው መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ናቸው።

«በሩን ገጠምኩ፣ አስተካከልኩ፣ ቁልፉን አስረከብኩት» አለ አናጢው ማንኪያውን ወደ ላይ አንስቶ። «ሰውየው ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹በሩስ ቆንጆ ነው፣ ግን...›»

ዝም አለ። አፉ እንደተከፈተ፣ ማንኪያው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሚስቱም ጭልፋዋን ከድስቱ በላይ ይዛ ደርቃ ቆመች።

«ግን ምን? ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለች ሚጢ። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። ጩኸቱ ጣሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጡ፤ የመስኮቱ መስታወት በክፈፉ ውስጥ አጉረመረመ፤ ሰፊ ጥላ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ አለፈ። ሚጢ ሰው ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ማውራቷን አላቆመችም።

ጩኸቱ እየተጎተተ ራቀ።

«‹...ግን ሲከፈት አይጮህም፤ ልጄ አምሽቶ ሲገባ በምን ልያዘው?› አይለኝ መሰለሽ!» አለ አናጢው፣ ቃል ሳይዘል። ማንኪያው ወደ አፉ ጉዞውን ቀጠለ፤ ጭልፋውም ወደ ድስቱ ወረደ። ከዚያ ሁለቱም የሚጢን ፊት አዩና በሳቅ ፈነዱ።

«አየሻት መምህር? አውሮፕላን እያለፈ ታወራለች እኮ!»

«ተዋት፣ እንግዳ ናት» አለች ሚስቱ። «እስከ ዛሬ እኛ ነን እሷ ዘንድ የምንሄደው፤ ትለምደዋለች።»

ሰፈሩ ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው። ለማረፍ የሚመጡት ሁሉ በቤቶቹ አናት ላይ ስለሚያልፉ ጎማቸው ሳይቀር ይታያል። ነዋሪው ከጊዜ ብዛት አንድ ልማድ አውጥቷል፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አውሮፕላን ሲመጣ ወሬ በደረሰበት ቃል ላይ ይቆማል፤ ሲያልፍ ከዚያው ይቀጥላል። «ምን እያልኩ ነበር?» የሚል የለም፤ የሚደግምም የለም። ባለ ሱቁ ስኳሩን ሚዛን ላይ እያፈሰሰ እጁ ይቆማል። የተጣሉ ባልና ሚስት ጣታቸውን እንደቀሰሩ ይጠብቁና ልክ በዚያው ቁጣ ይቀጥላሉ። የአናጢው ሚስት፣ መምህሯ፣ ክፍል ውስጥ «ሰባት ጊዜ ስምንት...» ብላ ጠመኔዋን ሰሌዳው ላይ ትተክላለች፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ሲያልፍ በአንድ ድምፅ «ሃምሳ ስድስት!» ይላሉ። ሰው መዳፉን ከፍ አድርጎ ካሳየ ደግሞ «እስኪያልፍ» ማለቱ ነው።

ከዚህ ልማድ ውጭ የነበሩት የአናጢውና የሚጢ እናት ብቻ ናቸው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ሚጢ የገዛችላቸው የመስሚያ መሣሪያ ከክርና ከመርፌ ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። «ሰው ሲያኝክ ያሰማኛል፤ ምን ቆርጦኝ!» ብለው አውልቀውታል። የሚሰሙት የሰውን ፊት እያዩ ነው። አውሮፕላን መጣ አልመጣ ለእሳቸው ለውጥ ስለሌለው ወሬያቸውን አያቋርጡም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃሉ ግን ማንም ዘንድ አይደርስም። ምራታቸው እየሳቀች መዳፏን ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ከቁብ አይቆጥሯትም።

«እማዬ የምታወራው ለአብራሪዎቹ ነው» ይላል አናጢው። «የቤታችንን ምስጢር ይዘው አገር ላገር ይዞራሉ።»

ሚጢ የጤና ተመራማሪ ናት። መሥሪያ ቤቷ በአውሮፕላን መስመር ሥር የሚኖሩ ሰዎችን እንቅልፍና የደም ግፊት ያጠናል፤ ቤት ለቤት የመዞሩ ሥራ ለእሷ ደረሰ። ወንድሟ ቤትም እንደ ሌላው ቤት ገባች። የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ማይክሮፎን ሰቀለች፤ በየክንዳቸው ላይ ሌሊት እየተነፋ ግፊት የሚለካ መሣሪያ አሰረችላቸው።

«ምንም አያስቸግርም» አለ አናጢው በማግስቱ ጠዋት ክንዱን እያሻሸ። «እንደ ሚስቴ ነው፤ ሳላስበው ጭምቅ ያደርገኝና ይተወኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ እናትህ ፊት!»

«አትሰማም እኮ!»

«ፊትህን አይቼዋለሁ፣ ባለጌ» አሉ እናትየው ከመስኮቱ አጠገብ።

ሚጢ ኮምፒውተሯን በሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል ከፈተች። «እንዴት አደርክ ጋሼ?»

«እንደ ግንድ።»

«አንዴም አልነቃህም?»

«ለምን ብዬ? እኔ እኮ ለምጄዋለሁ። እንዲያውም በረራ ሲቀር ነው የምባንነው።»

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። ሁለት መስመሮች ይታያሉ። የላይኛው የሌሊቱ ድምፅ ነው፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እንደ ጉብታ ይነሳል። የታችኛው የወንድሟ ደም ነው። የላይኛው በተነሳ ቁጥር የታችኛው ዘሎ ይከተለዋል፤ ጌታው ብድግ ሲል አብሮ እንደሚነሳ ውሻ።

«ይሄ ማነው?» አለ አናጢው በጣቱ እየነካ።

«አንተ ነህ።»

«ተኝቼ?»

«ተኝተህ። ጆሮህ ለምዶታል፤ ስለዚህ አትነቃም። ደም ሥርህ ግን አልለመደም። ጩኸቱ በመጣ ቁጥር ሰውነትህ አደጋ የመጣ ይመስለዋል፤ ለሩጫ ይዘጋጃል። አንተ አልጋ ላይ ነህ፤ ልብህ ሲሮጥ ነው የሚያድረው።»

«ይሄን ያህል ሮጬ ታዲያ ምነው አልከሳሁ?» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ።

ሚስቱ ሳቀች። ሚጢ አልሳቀችም። የሚስቱም መስመር ይነሳል፤ እንደ እሱ ግን አይደለም። የእናትየው መስመር የረጋ ውሃ ነው። ሚጢ በሌሎች ሰፈሮች በዞረችባቸው ቤቶች ሁሉ ያስተዋለችውና ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር፤ «ለምደነዋል» ብለው አፋቸውን ሞልተው የነገሯት ሰዎች መስመር ከሌላው ይልቅ ይዘላል። የወንድሟ ከእነዚያ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ቀልድ አይደለም። ነግቶም አይወርድልህም። በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን...»

አውሮፕላን መጣ። እሷ መናገሯን ቀጠለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ መዳፉን አሳያት። ሲያልፍ እሷ ጨርሳ ነበር። ያለችው የት እንደገባ አልታወቀም፤ እሱም አልጠየቃት።

«እኔ ዘንድ ኑ» አለችው ቆይታ።

የእሷ ቤት ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የተዘጋ አንድ ክፍል አለ። ስለዚያ ክፍል ለማንም አውርታ አታውቅም። ያን ቀን ግን «እከፍተዋለሁ» አለች። አናጢው ይህን ሲሰማ ቀልዱን ተወ።

«ሚጢዬ፣ እመጣለሁ። ግን እጄ ላይ የትምህርት ቤቱ መስኮቶች አሉ።»

ትምህርት ቤቱ ለክፍሎቹ ባለ ሁለት መስታወት መስኮቶች እንዲሠራ አዞታል። በሁለቱ መስታወቶች መሃል የታፈነው አየር ጩኸቱን ያስቀረዋል። አናጢው ነገሩን እንደ ሌላው ሥራ አላየውም። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ በየመሃሉ እየተቆረጠች ስታስተምር ኖራለች።

«ዘንድሮ ልጆቹ ሰባት ጊዜ ስምንትን ሳይቆረጥ ይስሙት። ትምህርት ሳይከፈት እገጥመዋለሁ። ከዚያ ከፈለግሽ በዘንቢል ተሸክመሽ ውሰጂኝ።»

«ሐኪም ዘንድስ?»

«እሱንም ያኔ።»

«እሱን ነገ!»

ነገ ዛሬ እያለ ሲያመላልሳት ቆየ፤ በመጨረሻ እጁን ይዛ እየጎተተች ወሰደችው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ሳያቋርጥ እንዲወስድም አስጠነቀቀው። ሚጢ ያን ቀን እፎይ ብላ ገባች።

ጥናቱ ሲቀጥል ሚጢ በየሳምንቱ ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ያለው ማይክሮፎን ማቀፊያው ላልቶ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ብሎን ፍለጋ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንጨት ሥራ ክፍል ገባች። ወንድሟ በሰጋቱራ ተሸፍኖ ከመላጊያው ጋር ይታገላል።

«ብሎን ስጠኝ ጋሼ።»

«ከቆርቆሮዎቹ ውስጥ ፈልጊ» አለ ቀና ሳይል።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ውስጥ ምስማር አለ። ሁለተኛውን ስትከፍት ከማጠፊያዎችና ከብሎኖች መሃል መድኃኒቱን አገኘችው። ከተገዛ ጀምሮ እምብዛም አልተነካም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አናጢው ዘወር አለ። መላጊያውን አስቀመጠ፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መልሶ ሰካው።

«እሱማ... ያደነዝዘኛል። እኔ መጋዝ ላይ ነው የምውለው ሚጢ። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ክፍሉ ይዞርብኛል። ጣቴን ብቆርጥስ? ደግሞ አቆምኩት፣ ምን ሆንኩ? ምንም። ምንም አይሰማኝም።»

«አይሰማህማ! ስነግርህ የከረምኩት እሱን አይደል? ቢሰማህማ ትነቃ ነበር! ካደነዘዘህ ሐኪሙ ይቀይርልሃል፤ አንተ ግን ደበቅክ፤ እንደ ሕፃን ደበቅክ፤ ግትር ነህ፣ ግትር፣ ልክ እንደ...»

ቆመች። ቆርቆሮው በተነሳ እጇ ላይ ነበር። ጩኸቱ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ተንከባለለ፤ ሰጋቱራው ከመደርደሪያው ላይ እንደ ዱቄት ረገፈ። ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን እንደተፋጠጡ ጠበቁ።

«...ልክ እንደ በሬ!» አለች ሚጢ፣ በዚያው ቁጣ።

አናጢው ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ እጁን አጨበጨበ። «ለመደች! መምህር፣ ነይ! ሚጢ ለመደች!»

መምህሯ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። «እውነትህን ነው?»

«ቃል ሳትዘል! በሬ ብላ ሰደበችኝ፣ በአውሮፕላን መሃል ቆርጣ!»

«እንኳን ደስ አለሽ፣ አሁን የሰፈር ሰው ሆንሽ» አለች መምህሯ አቅፋ እየሳመቻት። ሚጢም ሳትወድ በግድ ሳቀች፤ ቁጣዋም በሳቁ መሃል ተበተነ። አናጢው ሌላ መድኃኒት ለማስቀየር እንደሚሄድ ቃል ገባ። መስኮቶቹ እንዳለቁ፣ ወዲያው።

ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ያዟት።

«የወንድምሽን ፊት አላየሽም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው እየጮኹ። «ሰሞኑን ሲቀላ ሲጠቁር ነው። ልነግራችሁ ስል እጃችሁን ታሳዩኛላችሁ።»

«አይቻለሁ እማዬ። ይታከማል።»

«አላየሽም» አሉ እናቷ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆና ሚጢ የሆነውን አሰበች። ዝም ልበል ብላ አልነበረም ዝም ያለችው። አውሮፕላኑን መስማቷን እንኳ አታስታውስም። አፏ በራሱ ጊዜ ነው የቆመው። ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አሳርፋ የልቧን ትርታ አዳመጠች፤ ከዚያ ሰው እንዳያያት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

መስኮቶቹ ያለቁት ትምህርት ሊከፈት ሲል በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሰማዩ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል። ጥናቱም ስላለቀ ሚጢ ማይክሮፎኑን ለመንቀል መጥታ ነበር። መምህሯ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ልብስ ታሰጣለች። እናትየው ወንበራቸው ወጥቶላቸው ፀሐይ ይሞቃሉ።

አናጢው የመጨረሻውን ክፈፍ በጨርቅ ይወለውላል። ጠዋት ሲነሳ ቀኝ እጁ ደንዝዞ እንደነበር ለሚስቱ ነግሯት «ተኝተህበት ነው» ብላዋለች፤ ራሱም እንዲያው ነው ያሰበው።

«ሰኞ እገጥማለሁ» አለ። «ማክሰኞ ሐኪም ቤት። ከዚያ ልብሳችንን ሸክፈን አንቺ ዘንድ። አሁንስ ደስ አለሽ?»

«ሳየው ነው የማምንህ።»

«እይዋ! ግን አንድ ነገር...» አለና እጁን አነሳ።

አውሮፕላኑ መጣ። ከትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ሆዱን እያሳየ የሚወርደው ዓይነት። አናጢው አፉ ገርበብ እንዳለ፣ እጁ እንደተነሳ ቆመ። መምህሯ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ሚጢም ፈገግ እንዳለች ቆመች። ‹አንድ ነገር› ያለው ቀልድ እንደሚሆን ገምታለች። እስኪያልፍ ጠበቀች።

እናትየው መናገር ጀመሩ።

እንደ ወትሮው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልደረሰም። መምህሯ ዘወር አለችና መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች መዳፏን አሳየቻቸው። እናትየው አላቆሙም። አፋቸው ሰፋ። ከወንበራቸው ተነሱ። ሚጢም መዳፏን አነሳች፤ ዛሬ ደግሞ እማዬ ለአብራሪዎቹ ምን እየነገረች ይሆን ብላ አሰበች። እናትየው ምርኩዛቸውን ጣሉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ። ጥላው ግቢው ላይ ደረሰ፤ መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠቆሩ።

ያን ጊዜ ነው ሚጢ ወንድሟን ያየችው። የተነሳው እጅ እየወረደ ነበር፤ የሚያወርደው ግን እሱ አልነበረም። የአፉ አንድ ወገን ኮላው እንደለቀቀው እንጨት ከቦታው ሸርተት ብሏል። ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

ጩኸቱ ሲርቅ የእናቷ ድምፅ ከሥሩ ብቅ አለ። «...ጄን! ልጄን እኮ ነው የምላችሁ! ዓይን የላችሁም? ልጄን!»

አናጢው ከመስኮቶቹ አንዱንም ሳይነካ ወደቀ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አለ የድንገተኛው ክፍል ሐኪም።

መምህሯ ሚጢን አየቻት።

«አውሮፕላን ሲያልፍ» አለች ሚጢ።

ሐኪሙ የዚያ ሰፈር ሰው ስላልሆነ አልገባውም። ስታስረዳው በትዕግሥት አዳመጣት፤ ከዚያ የዚያች ቅጽበት መዘግየት ያመጣው ለውጥ እንደሌለ፣ እንዲያውም ፈጥነው እንዳደረሱት ነገራት። ሚጢ ይህን ታውቀዋለች። ተምራዋለች። እሷም ለሌሎች ቤተሰቦች ብላዋለች። አመሰገነችውና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ሚጢ አጠገባቸው ስትቀመጥ ግን የእሷን ፊት አላዩም።

አናጢው በሕይወት ተረፈ። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፤ ቃሉም ሄደ። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል፤ ሲቀልዱ ዓይኑ ይስቃል። ለመናገር ሲፈልግ ግራ እጁን ያነሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ «ግን» ይላል። ከዚያ ወዲያ የለም።

መስኮቶቹን ሌላ አናጢ ገጠማቸው። መምህሯ ትምህርት ስትጀምር ክፍሉ ውስጥ የራሷን የጠመኔ ድምፅ ሰማች። «ሰባት ጊዜ ስምንት» አለች። ልጆቹ አልመለሱም። ቀና ስትል ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ድምፁ አልገባም፤ የአውሮፕላኑ ጥላ ግን በወለሉ ላይ እያለፈ ነበር። ይህን ለባሏ ስትነግረው እጁን አነሳ፤ «ግን» አለ፤ እሷም እጁን ያዘችው።

ሚጢ የተዘጋውን ክፍል ከፈተችው። መጋረጃውን ቀየረች፣ አልጋውን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ ሦስቱንም ወሰደቻቸው። አናጢው አዲሱን መድኃኒት በየቀኑ ይውጣል፤ የታችኛው መስመሩ እየረጋ ሄደ። ሚጢ ጠዋት ጠዋት ስታየው ደስ ይላታል። ያላየችው ነገር ቢኖር ፊቱን ነው።

እዚያ ቤት ጸጥታው ድፍን ነበር። አናጢው ገበታ ላይ እጁን ያነሳል፤ «ግን» ይላል፤ ሁሉም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይጠብቁታል። ይጠብቁታል። የሚያልፍ ነገር ስላልነበረ መጠበቁ ማብቂያ አልነበረውም። ቀስ በቀስ እጁን ማንሳት ተወ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መዋል ጀመረ።

«ወደ ቤቱ ልመልሰው ነው» አለች መምህሯ ወጥ ቤት ውስጥ።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? አንዴ ተመትቷል። ሁለተኛው ይብሳል። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ልቡ እንዴት እንደሚሆን አሳይቼሻለሁ።»

«አሳይተሽኛል።»

«ታዲያ?»

መምህሯ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ማጠብ ጀመረች። «እዚህ ዝምታው የእሱ ብቻ ነው፣ ሚጢ። እኛ እናወራለን፣ እሱ ያየናል። እዚያ በቀን ስንት ጊዜ ሁላችንም እንደ እሱ እንሆናለን። ከሆስፒታል እንደወጣ ሰሞን አይቼዋለሁ። አውሮፕላን መጥቶ አፋችንን ከፍተን ስንቆም፣ ያርፋል። ባሌን የማገኘው ያኔ ነው።»

«ይገድለዋል እኮ።»

«እሱን ጠይቂው።»

ሚጢ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ» አለችው። «ወደ ቤት መመለስ ትፈልጋለህ?»

አናጢው ከግድግዳው ዘወር አለ። ግራ እጁን አነሳ፤ «ግን» አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ መጠበቅ ጀመረ።

ተመለሱ። ሚጢ ለምሳ ስትሄድ ሁሉም በየቦታው ነበር፤ አናጢው ጠረጴዛው ራስጌ፣ መምህሯ ከድስቱ አጠገብ፣ እናቷ መስኮቱ ዳር። ወንድሟ አምሮበታል። በግራ እጁ ይበላል፣ ያፈሳል፣ ሚስቱ «ሽርጥ ላስርልህ እንዴ?» ስትለው ዓይኑ ይስቃል። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ክንዱ ላይ መልሳ ያሰረችው መሣሪያ የላከላት፣ ያን ጠዋት ያየችው የሌሊቱ መስመር አለ። ከበፊቱ ብሶ ይዘላል። ከምሳ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች።

«እማዬ፣ ጨው አቀብይኝ» አለች፣ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ።

«ምን ያስጮህሻል? እሰማለሁ» አሉ እናቷ።

ሚጢ አየቻቸው። የመስሚያው መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ነበር።

«ከመጣን ጀምሮ አላወለቁትም» አለች መምህሯ። «ምናልባት ከተናገረ እንዳያመልጠኝ ነው የሚሉት።»

«ሰው ሲያኝክ ያሰማኛል» አሉ እናትየው። «ይሁን፤ ያሰማኝ። አንድ ቀን የጀመረውን ይጨርሰው ይሆናል። ያኔ እኔ እናቱ...»

ዝም አሉ።

የእናትየው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ሚጢ በዕድሜዋ አይታው የማታውቀው ነገር ነው። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ይጠብቃሉ። መምህሯ ጭልፋዋን ይዛ ደርቃለች። አናጢው ግራ እጁን አንስቶ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል። ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። ጥላው በመስኮቱ ገባና የገበታው ጨርቅ ጠቆረ።

ሚጢ እጇ ላይ ያለውን ዳቦ እንደያዘች አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። የእናቷን፣ የመምህሯን፣ የወንድሟን፤ እንደገና የወንድሟን። ማን እስኪያልፍ እየጠበቀ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ እንደዚያ ቅዳሜ ተመትቶ እንደቆመ፣ መለየት አልቻለችም። ልትጮህ አሰበች። አፏ ተከፍቶ ነበር፤ አፏም እስኪያልፍ ይጠብቃል።